በየከተማው አዳራሽ አንድ ድራም ይቀመጥልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የኢትዮ ጃዝ ባንዶች ለሥራ ወደ ውጭ ሲወጡ ጋዜጣችሁ ይዘግባል። ከልብ እናመሰግናለን። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለማይዘገበው፣ ብዙም ስለማይደረገው የአገር ውስጥ ጉዞ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንድ ቴነር ሳክስፎን እጫወታለሁ። ፓሪስና ብራስልስ ውስጥ በየትኛው የጓሮ በር ወደ መድረክ እንደሚገባ የማውቃቸው አዳራሾች አሉ። ጅማ፣ የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደባት ከተማ ላይ ግን ባንዳችን አንድም ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ውጭ ስንሄድ ሥራው የሚጀምረው በወረቀት ነው። ራይደር እንለዋለን። ምን ዓይነት ድራም እንደምንፈልግ፣ ስንት ማይክ፣ የቤዙ አምፕሊፋየር የት እንደሚቆም፣ ክራሩና ማሲንቆው በምን እንደሚገቡ ተጽፎ አስቀድሞ ይላካል። ስለዚህ የምንሸከመው በእጅ የሚያዘውን ብቻ ነው። አዳራሹ ስንደርስ ሁሉም ተዘርግቶ ይጠብቀናል። ከሰዓት ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ)፣ ማታ ሾው፣ ጠዋት ባቡር ወይም ቫን። አብዛኛውን እንቅልፋችንን የምንተኛው መንገድ ላይ ነው። ቪዛውማ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ የማሲንቆ ተጫዋቻችን ቪዛ ዘግይቶበት ትተነው ሄድን፤ የእሱን ዜማ በሳክስፎን ስሞላ ከረምኩ። ሰው አልወቀሰንም፤ እኛ ግን ጉድለቱን በየማታው እንሰማው ነበር።

ድካሙን የምናገረው ለማማረር አይደለም። ባንድ የሚሠራው መንገድ ላይ ነው። አዲስ አበባ በየሳምንቱ እዚያው ክለብ ስትጫወት አድማጩ ያው ነው፤ አንተም ያው ትሆናለህ። ቱር ላይ ግን ያንኑ ዜማ በየማታው ለማያውቅህ ሰው ትጫወታለህ። በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ አንድ ዜማ አለን። እዚህ ሁልጊዜ አፍጥነን ነበር የምንጫወተው። ጉዞ ላይ ግን አንድ ማታ ድራመራችን፣ ደክሞት ይሁን ወይም አዳራሹ ድምፁን እየመለሰበት፣ ቀስ አደረገው። ቤዙ ተከተለው። ከአንዱ ድምፅ እስከ ሌላው ሰፊ ቦታ ተገኘ። እኔም ሶሎዬ ሲደርስ ያሰብኩትን ሁሉ ትቼ ጥቂት ኖታ ብቻ ነፋሁ። ከዚያ ወዲህ ዜማው እንደዚያ ሆኖ ቀረ። ልምምድ ቤት ተቀምጠን ብንከርም አናገኘውም ነበር።

ታላላቆቹም እንዲሁ ነው የኖሩት። አሜሪካዊው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በመንገድ ላይ ኖሯል። በ1930ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች ሲዞሩ ጥቁሮችን የሚያሳድር ሆቴል ስለማይገኝ በራሳቸው ባቡር ፉርጎ ውስጥ ይተኙ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ያ ኦርኬስትራ አዲስ አበባ ድረስ መጥቷል፤ ሙላቱም አብሯቸው ሠርቷል። ዋልያስ ባንድ ደግሞ በፈረንጆቹ 1981 አሜሪካን ዞረ። ከጉዞው በኋላ የኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ እየነዱ ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው ይዞሩ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመዳሉ። በፈረንጆቹ 2013 የቆየ ሥራቸው እንደገና ሲታተም መድረክ ተገኘላቸውና ዓለምን መዞር ጀመሩ። ለብዙ ዓመታት መድረክ ቢያጡም እጃቸው አልቦዘነም።

እኛ ቤት ግን መድረኩ እያጠረ ነው። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ክለብ፣ ጃዝአምባ፣ በ2007 ዓ.ም. በቃጠሎ ሄደ። ካዛንቺስ ሲፈርስ የአዝማሪ ቤቱ ፈንዲቃም አብሮ ፈረሰ። ስንቱ ወጣት መጀመሪያ ከባንድ ጋር የተጫወተው እዚያ ነበር። በከተማዋ የቀሩን ቦታዎች የሚያዳምጥ ሰው አላቸው፤ ይበርቱ። ግን ሁሉም እዚሁ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ተነጋግረን በራሳችን ወጪ ሐዋሳ ሄድን። እኛ በአባዱላ ሚኒባስ፣ ዕቃው በአይሱዙ። ድራም፣ አምፕሊፋየር፣ ስፒከር፣ ሞኒተር፣ ሚክሰር፣ ጀነሬተር፣ ሁሉንም ጭነን ነው የሄድነው። ለዕቃው ኪራይ፣ ለአይሱዙውና ለጫኝ አውራጅ የከፈልነው ለእኛ ለራሳችን አልጋና ምግብ ካወጣነው በላይ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የደብዳቤዬ ጉዳይ እሱ ነው።

አዳራሹ ለስብሰባ የተሠራ ነው። መድረኩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ የክብር ወንበሮች፣ ለንግግር የሚሆን አንድ ማይክ። ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) ስለሌለው አምፕሊፋየሩ ገና ሲሰካ እምምም ማለት ጀመረ፤ እሱን ለማጥፋት ከሰዓቱን ሙሉ ለፋን። በዚያ ላይ ዝናብ መጣ። የማሲንቆ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ድምፁም ይሰንፋል። ተጫዋቻችን ወጣ ብሎ በሩ አጠገብ ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ሄደ። ማሲንቆውን ከሰሉ በላይ ዘቅዝቆ፣ እንዳይቃጠል እያገላበጠ፣ ቆዳውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ጆሮውን ይሰጠዋል። ልጅቷ ጀበናዋን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት። ቆዳው ጠበቀ። ከዚያ ጭራውን ዕጣን ቀባና ገባ። ቡናዋን ስትጨርስ እሷም ገብታ ስታዳምጥ አየኋት።

«ጃዝ ለፈረንጅ ነው፣ ሕዝቡ አይገባውም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሐዋሳ መጥተው ቢሆን ኖሮ! መጀመሪያ ሰዉ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ትዝታ ስንጀምር ከኋላ አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዜማውን ማንጎራጎር ያዙ። ድራሙ ወደ ችክችካ ሲገባማ ጭብጨባው ምቱን ጠብቆ መጣ። ውጭ አገር አድማጩ ጨዋ ነው፣ ሶሎ ሲያልቅ ያጨበጭባል። ይህን ምት ግን ልጅ ሆኖ ሠርግ ላይ ያልሰማው ሰው እንደዚያ አድርጎ ሊይዘው አይችልም። ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ድራሙ፣ ማሲንቆውና እኔ ያለ ማይክ ቀጠልን። ማንም አልወጣም።

ከሾው በኋላ አንድ የሙዚቃ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ መጣ። ሳክስፎን በስልክ እንጂ በአካል አይተው አያውቁም። አንዱ ልጅ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫነ ክዳኖቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ በጣም ገረመው። አፍ የሚያስገባበትን አጠብኩና ሰጠሁት። ድምፅ ለማውጣት ብዙ ታገለ። በመጨረሻ አንዲት ወፍራም ድምፅ ወጣች፤ ጓደኞቹ ጮኹ። ያ ልጅ ነገ የት ሄዶ ይነፋል?

ኪሳራውን ግን ልንደግመው አልቻልንም። ጅማ አስበን ሂሳቡን ስንሠራ ያው አይሱዙ መጣብን፤ ተውነው። ድሮ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲሄዱ መኪናውም ዕቃውም የመንግሥት ነበር። እኛ የግል ባንድ ነን፤ ማንም እንዲያጓጉዘን አንጠይቅም።

የምንጠይቀው ይኸውና። አዳራሽ ያላቸው ከተሞች በየአዳራሻቸው አንድ ድራም፣ አንድ የቤዝ አምፕሊፋየር፣ አንድ ባለ 88 ቁልፍ ኪቦርድና ጥቂት ማይኮች ያስቀምጡ። አንድ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ሶኬቱን ኧርዝ ያስደርጉ። ዕቃው ተቆልፎበት አቧራ እንዳይጠጣ ለከተማው የሙዚቃ መምህራን አደራ ይሰጥ፤ ባንድ በማይመጣበት ቀን ልጆች ይለማመዱበት። እኛም ሌሎች ባንዶችም ያን ጊዜ መሣሪያችንን በትከሻችን አንግተን በተራ አውቶቡስ መምጣት እንችላለን። ከአዳማ ሐዋሳ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ፣ በሌላ ጊዜ ጅማ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ባሕር ዳርና ጎንደር፣ መቀሌም። ከሰዓት ተማሪዎቹን እናስተምራለን፣ ማታ እንጫወታለን።

ውጭ ያሉ አዳራሾች የሚጠቀሙበትን የዕቃ ዝርዝር ወደ አማርኛ መልሼ ጽፌዋለሁ። አንድ ገጽ ነው። የሚፈልግ የከተማ ባህል ጽሕፈት ቤት ካለ በጋዜጣችሁ በኩል እሰጣለሁ። መጀመሪያ ለጠራን ከተማ የመጀመሪያውን ማታ ያለ ክፍያ እንጫወታለን፤ ይህን ከባንዱ ጋር ተነጋግረን ወስነናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች፣ ከአዲስ አበባ