ማን ነሽ ላልሽኝ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ? የጉልበታቸው ነገር ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ዝም ብዬሽ ኖሬ ዛሬ "ደህና ነኝ" ማለቱ ራሱ ያሳፍራል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ። በስልክ ከሆነ ወይ ታስቂኝና ያሰብኩትን እረሳዋለሁ፣ ወይ ትቆጪኝና እዘጋብሻለሁ። መዝጋት እንደምችልበት ደግሞ አይተሻል።

ስልኩን የዘጋሁብሽ ቀን አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውስጥ ነበርኩ። አንቺ ስለ ወንድምሽ ሠርግ እያወራሽልኝ አንድ ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ጠየቀኝ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ በሲዳምኛ መለስኩለት። ተከራከርን፣ ተሳሳቅን፣ ሸጥኩለት። ወደ አንቺ ስመለስ ዝም ብለሻል። ቆየሽና "አንቺ፣ ማን ነሽ?" አልሽኝ። ቀልድሽን ሊሆን ይችላል። ግን ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይሉ የለ፣ አንቺ ሳታውቂ ማጭዱን አቀበልሽኝ።

አንቺ እኮ ያን ጊዜ ፋብሪካ ያለሁ ነበር የሚመስልሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከወጣሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። በ2014 አገራችን ከአጎዋ ስትወጣ፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጣለበት፣ ትእዛዝ ቀነሰ፣ እኛንም አንድ ቀን ሰብስበው አሰናበቱን። በስማችን እንኳ አልጠሩንም፣ በባጅ ቁጥር ነው። ለአንቺ ግን "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እያልኩ ቆየሁ። ስለዚህ "ማን ነሽ?" ስትዪኝ ሌባ በእጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ነው የደነገጥኩት።

እዚያ ሳለሁ ማን ነሽ ብትዪኝ መልስ ነበረኝ፤ ኦፐሬተር ነኝ። ሥራዬ የሸሚዝ እጅጌ መግጠም ነበር። ኮሌታውን ከፊቴ ያለችው ልጅ፣ ቁልፉን ከኋላዬ ያለችው ትሠራዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኝ እጅጌ፣ ግራ እጅጌ። አንድ ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም፤ ግን ባጁን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ፒያሳ ስወርድ የነበረኝን ኩራት ብታዪ!

ባጁን ስመልስ ምን ልበል? ኪራይ መክፈል ሲያቅተኝ አከራዬ፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ "ነገ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ" አሉኝና ገበያ ይዘውኝ ወረዱ። ዓሣ ከመሥራት ይልቅ መሬት ይዋጠኝ የምል ሰው ነበርኩ። ቢላ ሰጡኝ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከጭንቅላቱ ኋላ ትወጊዋለሽ፣ አከርካሪው ጋ ስትደርሺ ቢላውን ታስተኝውና ወደ ጅራቱ ትሄጃለሽ። ኰር ኰር ካለ አጥንት እየቆረጥሽ ነው፣ ዝም ካለ ልክ ነሽ። ቆዳውን ልጆቹ በጥርሳቸው ይዘው ሽልቅቅ ያደርጉታል፤ እኔ እስከ ዛሬ በእጄ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ እንደ ራሰ በራ ሽማግሌ አጠገብሽ ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ያበላሸሁትን ሁሉ እትዬ ለሾርባ ነው እያሉ ለብቻ ይሰበስቡልኝ ነበር።

ቢላውን በወር ለመድኩት። ዝም ማለቱን ግን ገና ተምሬ አልጨረስኩትም። እዚህ ሰው ሲጣላ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ "አፊኒ?" ይላሉ። በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳምኛ ማለቴ ነው፣ "ሰምታችኋል ወይ?" እንደ ማለት ነው። ነገሩ ሳይሰማ ፍርድ የለም። እኔ ደግሞ አፌን ታውቂዋለሽ፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የምጀምር። አንድ ቀን ከአንድ ልጅ ጋር በሚዛን ተጣላሁ፤ አጉድሎብኛል ብዬ ገበያውን በጩኸት አናጋሁት። እሱ ሊናገር ሲል አቋረጥኩት፣ ደግሞ ሲጀምር ደግሞ አቋረጥኩት። እትዬ ክንዴን ያዙና "ገና አልሰማሽም" አሉኝ። እውነትም አልሰማሁም ነበር። እሱ የመዘነው ሆድ ዕቃው ሳይወጣ ነው፣ እኔ የመዘንኩት ካጸዳሁት በኋላ። የምገባበት ጠፋኝ።

ከተማዋም ብትሆን አንድ ሆና አልቆየችም። አዋሳ ስንላት የነበረችው ሐዋሳ ሆነች፤ እኔ ስመጣ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች፣ በ2012 የሲዳማ ክልል ሲመሠረት የእሱ ሆነች። የቤት ኪራዩ ብቻ ነው አቅጣጫውን ያልቀየረው።

ፍቼ ጨምበላላን ሰምተሽ ይሆናል፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፤ በ2008 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ታሪኩን የነገሩኝ እትዬ ናቸው። ፍቼ የምትባል ሴት አግብታ ከሄደች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ለመጠየቅ ትመጣ ነበር አሉ፤ ያመጣችውንም ጎረቤት ይካፈለው ነበር። ቡርሳሜ ከቆጮ በቅቤ የሚሠራ ነው፣ ስትመጪ ትቀምሺዋለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ቡርሳሜ የእናቷ ቤት አሠራር ነው ወይስ የአማቷ? እናቷ ቀምሳ "ይሄን ከየት ተማርሽው?" ሳትላት ቀርታለች? እትዬን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

ባለፈው አንዲት ልጅ ገበያው ውስጥ ቪዲዮ ቀርጻኝ አሳየችኝ። እየሳቅኩ ነው። በግራ እጄ አፌን ይዤ፣ በቀኜ ያጠገቤን ሰው ትከሻ ሦስቴ እመታለሁ። ደነገጥኩ፣ አንቺ ነሻ! ፍኖተ ሰላም ደጃችሁ ላይ ተቀምጠን ትከሻዬን እያበለዝሽ የምትስቂው ሳቅ። ከመቼ ጀምሮ እንደያዝኩት አላውቅም። አሁን ደግሞ የእትዬ የመጨረሻ ልጅ እንደዚያው ስትስቅ አየኋት፤ እንዲያውም እሷ አራቴ ነው የምትመታው።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። የሠርጉን ወሬ ሰምቼ ሳልጨርስ ነው የዘጋሁብሽ፤ የት ላይ እንደቆምሽ ግን አልረሳሁም። ሚዜዎቹ መኪና ተበላሽቶባቸው ሙሽራውን በባጃጅ ሲያመጡት ነበር። ከዚያ ቀጥዪልኝ፣ አላቋርጥሽም።

ያችው እህትሽ