ካርድ ላይ ያለው መቶ በቀይ አይጻፍም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት «መምህራን መቶ ከመቶ እያደሉ ነው» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ ያላነበበ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ የልጁን ካርድ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው ሰው በዝቷል። «ልጄ መቶ ለምን ተሰጠው?» ብሎ የመጣ ግን የለም። «እየታደለ ከሆነ የኔ ልጅ ለምን ቀረበት?» ነው ጥያቄው።

ከፎቶው ልጀምር። ከዘገባው በላይ ቀይ እስክሪብቶ የጨበጠ እጅ አለ፤ ከእጁ ሥር «20/20» የሚል ቁጥር ይታያል። መግለጫው «መምህር በተማሪ ካርድ ላይ ውጤት ሲሞላ» ይላል። ያ ካርድ አይደለም፣ የቴስት ወረቀት ነው። ካርድ ላይ በቀይ የሚጻፈው ከ50 በታች የሆነ ውጤት ነው፤ 20/20 የሚባል ነገርም ካርድ ላይ ቦታ የለውም። «ለዚህች ብሎ ደብዳቤ!» ትሉ ይሆናል። ዘገባው በሙሉ የቆመው በዚህችው ስህተት ላይ ባይሆን ኖሮ እኔም አልጽፍም ነበር። ጸሐፊው፣ መምህር አንድ ቀን ቁጭ ብሎ፣ የልጁን ስም አይቶ፣ ደስ ሲለው መቶ የሚጽፍ መስሎታል። ሁለት ወላጆች፣ አንድ የትምህርት ቤት ባለቤትና አንድ «የዘርፉ ባለሙያ» በተናገሩበት ጽሑፍ ውስጥ መምህሩን የወከለው ያ እጅ ብቻ ነው። እጅ ደግሞ አይናገርም።

መቶው እንዴት እንደሚመጣ አንድ መምህር ብትጠይቁ ይህን ይነግራችሁ ነበር። የአንድ ትምህርት የሴሚስተር ውጤት ከብዙ ቦታ ይለቀማል። ክፍፍሉ በየትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል ደብተር 5፣ ተሳትፎ 5፣ አሳይመንት 10፣ ሁለት ቴስት እያንዳንዱ 10፣ ሚድ 20፣ ማጠቃለያ ፈተና 40 ነው እንበል። መምህሩ በሚይዘው የውጤት መዝገብ፣ ማርክ ሊስት ላይ ይደመራል፤ የክፍል ኃላፊው የሁሉም ትምህርት ውጤት ወደሚሰበሰብበት ሮስተር ይገለብጠዋል፤ ከሮስተር ወደ ካርድ ይሄዳል። 50፣ 50 ተማሪ ያላቸውን አምስት ክፍሎች የሚያስተምር ሰው በአንድ ሴሚስተር ሰባት ጊዜ ለ250 ልጅ፣ ማለትም 1,750 ቁጥር ይመዘግባል። ለዚህ ሥራ «ማደል» የሚለውን ቃል የመረጠ ሰው እጁ ይባረክ።

መቶው የሚበላሸውም እዚሁ መሐል ነው፤ ይህን አልክድም። የመጀመሪያዎቹን 20 ነጥቦች ተመልከቱ። የደብተር 5 የሚሰጠው ማስታወሻው የተሟላ ስለሆነ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የጻፈም፣ የጓደኛውን ደብተር ተውሶ በአንድ ሌሊት የገለበጠም ያሟላል። አሳይመንቱ በቡድን ከሆነ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስም ይጽፋሉ፣ ስድስቱም 10 ይወስዳሉ። ስለዚህ ጎበዙና ሰነፉ ከ100ው ውስጥ 20ውን አብረው ይሻገራሉ። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ አሳይመንቱን ከሰበሰቡ በኋላ ከዚያው የተወሰዱ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ክፍል ውስጥ በግል ማሠራት፣ ከ10ሩ 6ቱን ለዚያ መስጠት። የሠራው ይመልሳል፤ ስም የጻፈው ጣሪያ ያያል።

ቀጥሎ ማጠጋጋት አለ። ከ20 የታረመ ቴስት ወደ 10 ሲለወጥ 19 ያገኘው ልጅ 9.5 ይኖረዋል። ማርክ ሊስት ላይ 10 ሆና ትገባለች። እዚህ ግማሽ፣ እዚያ ግማሽ። በዓመቱ መጨረሻ የሚሆነው ደግሞ ይብሳል፦ ልጁ በ1ኛው ሴሚስተር 99.5፣ በ2ኛው 98.5 ካመጣ አማካዩ 99 ነው። በየሴሚስተሩ ከተጠጋጋ ግን 100 እና 99 ይሆናል፤ አማካዩ 99.5፤ እሱም ሲጠጋጋ 100። ይቺን አንድ ነጥብ ማን ሰጠው? ማንም። ከገጽ ወደ ገጽ ሲገለበጥ የበቀለች ናት። ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ ማጠጋጋት ያስቀራታል። በኤክሴል የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ከዚህ የዳኑ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ሳጥኑ 100 እያሳየ ውስጡ 99.5 ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁለት ልጆች ካርዳቸው ላይ እኩል 100 ሆነው አንዱ አንደኛ፣ አንዱ ሁለተኛ ይወጣሉ፤ ማልቀሱና ማስለቀሱ ይቀጥላል።

ትልቁ ችግር ግን ፈተናው ራሱ ነው። ቢጋር፣ ማለትም ከየትኛው ምዕራፍ ስንትና ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳይ ዕቅድ፣ ሳይሠራለት ከመማሪያ መጽሐፉ መልመጃ የተገለበጠ ፈተና፣ መልመጃውን የሸመደደ ሁሉ ይደፍነዋል። ፈተናው ደህና መሆኑን ለማየት የሚሠራው ሥራ እንዲህ ነው፦ 50 ወረቀት ከታረመ በኋላ በውጤት ቅደም ተከተል ይደረደራል፤ ከላይ 14፣ ከታች 14 ይወሰዳል፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ከየወገኑ ስንት ልጅ እንደመለሰው ይቆጠራል። ከላይ 14፣ ከታች 13 ከሆነ ያ ጥያቄ ማንንም አልለየም። ከላይ 13፣ ከታች 5 ከሆነ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከላይ 4፣ ከታች 9 ከሆነ ደግሞ ልጆቹን ትቶ የመልስ ቁልፉን ማየት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው እሱ ነው። ሁሉም ጥያቄ 14 ለ13 በሆነበት ፈተና ግማሽ ክፍል ቢደፍን ለጋስ መምህር አለ ማለት አይደለም፤ የላላ ወንፊት አለ ማለት ነው። ይህን ቆጠራ 250 ወረቀት ይዞ፣ ሮስተር «እስከ ዓርብ» እየተባለ የሚሠራው ስንቱ እንደሆነ ብትጠይቁ ዘገባ ይወጣችሁ ነበር።

አሁን ወደ ባለሙያው ምክር ልምጣ። «ከ95 በላይ ባይሰጥ» ብለዋል። እሺ። የ7ኛ ክፍል ልጅ 40 የሒሳብ ጥያቄዎችን አንድም ሳይስት ሠራ፤ ቴስቱን፣ ሚዱን ሁሉ ደፈነ። አምስቷን ከየት ልቀንስ? ከእኩልታው ወይስ ከክፍልፋዩ? ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» ሲል ምን ይባላል? «የትም አልሳትክም፤ ጋዜጣ ላይ አንብበን ነው»? ጣሪያው 95 ከሆነ ደግሞ 95 በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ መቶ ይሆናል፤ የላላው ወንፊት ባለበት ይቀመጣል። «መቶ ለፈጣሪ ነው» የሚሉ ባልደረቦችም አሉን። ፈጣሪ ካርድ የሚቀበል አይመስለኝም። ያላገኘውን መስጠት ሐሰት ከሆነ ያገኘውን መቀነስም ሐሰት ነው።

በአማርኛ ድርሰት ነገሩ ይለያል፤ በዚህ ባለሙያው ትንሽ እውነት አላቸው። ድርሰት እንደ ሒሳብ አንድ መልስ የለውም። ስለዚህ መስፈርቱ አስቀድሞ ለልጆቹ ይነገራል፦ ከ10፣ ለሐሳብ 4፣ ለአንቀጽ አወቃቀር 3፣ ለሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ 2፣ ለፊደል አጣጣል 1። ልጁ አራቱንም ለክፍሉ በሚጠበቀው ልክ ካሟላ 10 ይገባዋል። ከዚህ የተሻለ ሊጻፍ አይችልም ማለት አይደለም፤ ከ7ኛ ክፍል ልጅ የተጠየቀው ተሟልቷል ማለት ነው። መስፈርት ሳይኖር «ደስ ይላል፣ 10» ከተባለ ግን ያኔ ማደል ነው፤ ቃላችሁን ለዚያ አስቀምጡት።

የ12ኛ ክፍሉን ነገር ማንሳታችሁ ተገቢ ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሁላችንንም አስደንግጧል፤ ካርዳቸው ላይ 90 የተጻፈላቸው እዚያ መውደቃቸውም አሳፋሪ ነው። ነገር ግን የሴሚስተር ካርድና ብሔራዊ ፈተና አንድ ሚዛን አይደሉም። አንዱ ጥቂት ምዕራፍን፣ ያስተማረው ሰው ራሱ በሰባት ቁርጥራጭ የለካበት ነው፤ ሌላው የዓመታት ትምህርትን ባዕድ ሰው በምርጫ ጥያቄ የለካበት። በሁለቱ መካከል ልዩነት መኖሩ አይደንቅም፤ የሚደንቀው የልዩነቱ ስፋት ነው። ስፋቱን ለማወቅ ከፈለጋችሁ የአንድን ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል የካርድ አማካይ ከክልሉ ፈተና አማካይ ጋር፣ በየትምህርቱ፣ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በሒሳብ 8 ነጥብ፣ በእንግሊዝኛ 35 ነጥብ ልዩነት ካለ ችግሩ የእንግሊዝኛው ምዘና ጋ ነው። መቶ መጻፍን መከልከል ይህን ያስተካክላል?

ያናገራችኋቸው የትምህርት ቤት ባለቤትም «መምህራኖቻችን ቸር ናቸው» ብለው በፈገግታ አልፈዋል። ዝቅ ያለ ካርድ የያዘ ወላጅ በክረምት መሸኛ ሲጠይቅ ስልክ የሚደወለው ለማን እንደሆነ፣ «ማካካሻ ፈተና ስጠው» የሚለው ድምፅ ከየትኛው ቢሮ እንደሚመጣ፣ በር ላይ የተሰቀለው ባነር በማን ውጤት እንደተጻፈ አልጠየቃችሁም። ቸርነቱ ከመምህሩ ኪስ የሚወጣ ከሆነ፣ ደመወዙን አይተናል፣ ብዙ አይቆይም ነበር።

የሚቀጥለውን ዘገባ ስትሠሩ ማርክ ሊስቱን ከካርዱ ጋር አስተያዩ፤ ስም ሸፍኖ የሚያሳይ መምህር አይጠፋም። እስከዚያው የፎቶውን መግለጫ አርሙት፤ የቴስት ወረቀት ነው።

አንድ የሒሳብ መምህር፣ ከአዲስ አበባ