ግቢውን ሁሉ ሴራሚክ አታልብሱት

ለዝግጅት ክፍሉ፤ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ገርጂ ያለውን ቤታችንን ለመሸጥ ስንነሳ ደላላው ገና ከበር እንደገባ፣ «እማማ፣ ይህን ሁሉ ዛፍ ቆርጣችሁ ግቢውን ሴራሚክ አልብሱት፤ ገዢ የሚፈልገው መኪና ማቆሚያ ነው» አለኝ። ባለቤቴም እሺ ሊሉ ነበር።

እኔ ግማሹን ብቻ ተቀበልኩ። ከበሩ እስከ በረንዳው ሁለት መኪና የሚያስቆም ቦታ ኮብልስቶን አስነጠፍን፤ የቀረውን አፈር አልነካነውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሳርና ጽጌረዳ ማጠጣት አዲሱን ባለቤት ያሰለቻል ብዬ በቦታቸው የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና በሶብላ ተከልኩ። ወይራውን ግን ታች ታቹን ብቻ አስመለመልኩት። ወይራ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ የኛው ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል። በገንዘብ የሚተካው ማን ነው?

ጎረቤታችን ሙሉውን ሴራሚክ አድርገውት ነበር። ሐምሌ ላይ ውሃው መስረጊያ አጥቶ በረንዳቸው ድረስ ይተኛል፤ ልጆቹም እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ። በጋ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ወለሉ እንደ ምጣድ ይግላል።

ቤቱን ሊያዩ ከመጡት መካከል እናታቸውን ይዘው የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልና ሚስቱ ክፍል ሲቆጥሩ እናትየዋ ጤና አዳም ቀነጠሱ፣ አሸተቱ፣ ከወይራው ሥር ዱካ ላይ አረፍ አሉና፣ «ቡናው እዚህ ነው የሚፈላው» አሉ። ቤቱን የገዙት እነሱ ናቸው።

ጡረታ የወጣሁ መምህርት፣ ከአዲስ አበባ