ለልጄ፦ ግራንድ ካንየን በአንድ ቀን አያልቅም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የቬጋስ ሙቀት ግን ገና አልለቀቀንም።

ይሄን ሁሉ በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አብረውሽ ለሚመጡት ልጆችም አንብቢላቸው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳትደናገሪ።

የላክሽልኝን ፕላን አየሁት። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ ቤት ትነሳላችሁ። የመስታወቱን መራመጃ ታያላችሁ። ከሰዓት ወደ ፓርኩ ትሻገራላችሁ። መሃል ላይ «ወደ ወንዙ ወረድ ብሎ መመለስ» ይላል። ከዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ፣ ከዚያ እራት ቬጋስ። እኔ ሳቅሁ። እናትሽ አልሳቀችም።

ስልክ ላይ ሁሉም ነገር ጎረቤት ይመስላል። ግራንድ ካንየን የሚሉት የአሪዞና ገደል ርዝመቱ 277 ማይል ነው፤ በኪሎ ሜትር 446። ስካይዎክ የሚሉት የመስታወት መራመጃ ያለው በምዕራቡ በኩል ነው። መሬቱ የሁዋላፓይ ሕዝብ፣ የአካባቢው ነባር ተወላጆች ነው፤ በ2007 ሲከፈትም የእነሱ ነበር፣ ዛሬም የእነሱ ነው። የብሔራዊ ፓርኩ ትኬት እዚያ አይሠራም፣ የራሱ ክፍያ አለው። ከእኛ ቤት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። አንቺ በፎቶ የምታውቂው ካንየን ግን ሳውዝ ሪም የሚባለው የደቡቡ ዳር ነው። እሱ ከቬጋስ 280 ማይል ይርቃል፤ ሳትቆሚ ብትነጂ አራት ሰዓት ተኩል። ከአንዱ ወደ ሌላው ደግሞ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ልይ ያለ ሰው የሚያየው አስፋልት ነው።

ይሄን ከራሴ አላመጣሁትም። በሌሊት ተነስተው በአውቶቡስ ሄደው በዚያው ቀን የተመለሱ ቱሪስቶችን በማግስቱ ኤርፖርት አደርሳለሁ። «ካንየኑ እንዴት ነበር?» እላቸዋለሁ። ስለ አውቶቡሱ ወንበር ነው የሚያወሩኝ።

ስለዚህ ስካይዎክን ለሌላ ጊዜ ተዪው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ትንሽ ሰዓት ላለው ሰው ደህና ነው። እናንተ ግን ሁለት ቀን አላችሁ። ደቡቡን ያዙ፣ አንድ ሌሊትም እደሩ። ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ብትረሺ እንኳ ማደሩን አትርሺ።

ምክንያቱ ብርሃኑ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ጥላ ይጠፋል። ጥላ ሲጠፋ ጥልቀቱም ይጠፋል፤ ካንየኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው ነፍስ የሚዘራው። ከአንዱ ገደል ጀርባ ሌላ ገደል እየወጣ፣ ቀዩ እየደመቀ፣ ከሥር ያለው እየጠቆረ ይሄዳል። ጠዋት ደግሞ በተቃራኒው ከላይ ወደ ታች ይበራል። ለዚህ ማታም ጠዋትም እዚያ መገኘት ያስፈልጋል።

ማደሪያ ነገር። ፓርኩ ውስጥ ያሉት ሎጆች ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ ነው የሚያዙት። የሰረዘ ሰው ካለ ብለሽ በየቀኑ እያየሽ ሞክሪ። ካልሆነ ከበሩ ውጪ ቱሳያን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እሷ ትወደዳለች። ዊልያምስ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ናት፣ ረከስ ትላለች። ከዊልያምስ በ1901 የተጀመረ ባቡርም አለ፤ እስከ ካንየኑ ዳር ያደርሳል። እናትሽ ስለ ባቡሩ ከሰማች በኋላ ሌላ ወሬ የላትም።

መንገዱ ቀላል ነው። በቦልደር ሲቲ አድርጋችሁ ሁቨር ግድብን አልፋችሁ ኪንግማን፣ ከዚያ በ40 ቁጥር ወደ ዊልያምስ፣ ከዚያ በ64 ቁጥር ወደ ሰሜን። ቤንዚን ኪንግማን ሙሉ፣ ፓርኩ አጠገብ ውድ ነው። የስልክ ኔትወርክ ይቆራረጣልና ካርታውን አስቀድመሽ አውርጂ። ግድቡ ጋ አሥር ደቂቃ ቁሙ፤ ይሄን ለተሳፋሪም እነግራለሁ። ሁቨር ቁመቱ 221 ሜትር ነው፣ የእኛው ሕዳሴ ከዚያ ዝቅ ይላል። በቁመት ይበልጡናል። ውኃውን ስንቆጥር ግን የሕዳሴው 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ ከሁቨር ኋላ ከተጠራቀመው ከሚድ ሐይቅ እጥፍ ገደማ ነው። አንዳንዱ ፈረንጅ አያምነኝም፤ ስልኩን አውጥቶ ይፈትሻል፤ ከዚያ ቲፕ ይጨምራል።

መግቢያው ለአንድ መኪና 35 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን ያገለግላል። ካሽ አይቀበሉም፣ ካርድ ያዢ። ፓርኪንጉ ከረፋድ በኋላ ይሞላል። ውስጥ የሚዞሩት አውቶቡሶች ነፃ ናቸው፤ መኪናችሁን አንዴ ካቆማችሁ በእነሱ ተጠቀሙ። ወደ ሆፒ ፖይንት የሚወስደው መንገድ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ለግል መኪና ዝግ ነው፣ በአውቶቡስ ብቻ ነው የሚገባው። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት የምመርጥልሽም እሱን ነው። እዚያ ቦታ ሰው ሁሉ ፀሐይዋን ያያል፤ አንቺ ፊትሽን ወደ ምሥራቅ አዙሪና ብርሃኑ ገደሉ ላይ ሲወጣ እዪ።

ሰሜኑን ዳር እርሱት። በ2025 ሐምሌ ላይ ሰደድ እሳት ታሪካዊውን ሎጅ አቃጥሎታል። ባያቃጥለውም ሩቅ ነው። ደቡቡ ላይ ቆመሽ ሰሜኑ ዳር እዚያው ማዶ ይታይሻል። በቀጥታ ወፍ ብትበሪው 10 ማይል ቢሆን ነው። በመኪና ለመድረስ ግን ከ200 ማይል በላይ መዞር አለብሽ፤ ገደሉን የሚያቋርጥ መንገድ የለም።

ይሄኔ አባይ በረሃ ትዝ ይለኛል። አንቺ በእናትሽ ጀርባ ላይ እንቅልፍሽን ስትለጥጪ ነው ያለፍሽው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ሲጀመር ሰው ጋቢውን ያወልቃል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይከፍታል፤ የፍሬኑ ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ደጀን ሲደርስ ጋቢውን መልሶ ይደርባል። ግራንድ ካንየንም በጥልቀቱ ከዚያ ብዙ አይለይም። የደቡቡ ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ነው፣ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ቢል። የኮሎራዶ ወንዝ ከዚያ ከ1,300 ሜትር በላይ ወደ ታች ነው። ዳሩ ላይ በዚያ ሰሞን ማታ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ታች ወንዙ ጋ ቀን ከ30 በላይ ይሆናል። በሐምሌ ሰሞንማ 40ን ያልፋል። ልዩነቱ፣ አባይ በረሃን አውቶቡስ ያሻግርሻል። እዚህ ጉልበትሽ ነው።

አሁን ወደዚያች «ወረድ ብሎ መመለስ» ወደምትለዋ መስመር ልምጣ።

ዓይን ያታልላል፤ አንቺን ብቻ አይደለም። በ1540 የስፔን ወታደሮች የአገሬው ተወላጅ የሆፒ ሰዎች እየመሯቸው ዳሩ ላይ ደርሰው ነበር። ከላይ ሲያዩት ወንዙ ሁለት ሜትር የማይሞላ ጅረት መሰላቸው። ሦስት ቀን መውረጃ ፈለጉ። ቀልጠፍ ያሉ ሦስት ሰዎች ሞከሩና ሲሶውን ብቻ ወርደው ተመለሱ። ከላይ የሰው ቁመት የመሰላቸው ድንጋይ ሲጠጉት በአገራቸው ካለው ከሴቪያ ካቴድራል ግንብ ይበልጥ ነበር አሉ። እነዚህ ወታደሮች ናቸው። እናንተ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የምትውሉ ናችሁ።

ብራይት ኤንጅል በሚባለው መንገድ ወንዙ ድረስ 8 ማይል ግድም ነው፣ መሄጃው ብቻ። ፓርኩ ራሱ በአንድ ቀን ወንዙ ደርሶ መመለስን አትሞክሩ ብሎ ሰሌዳ ለጥፏል። በየዓመቱ ከ250 በላይ ሰው ከዚያ ገደል በነፍስ አድን ሠራተኞች ይወጣል፤ ብዙው ደግሞ ጤነኛ ወጣት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራ ስትወጪ ድካሙ ቀድሞ ይመጣል፤ ሲብስብሽ ትመለሻለሽ፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው። ካንየን የተገላቢጦሽ ነው። ስትወርጂ ንፋሱ ደስ ይላል፣ ወሬው ይደራል፣ ሁሉም «ትንሽ እንቀጥል» ይላል። ድካሙ የሚመጣው ፊትሽን ወደ ላይ ስታዞሪ ነው። ያኔ ፀሐይዋም ከፍ ብላለች። ለወረድሽበት ሰዓት እጥፉን ለመውጫ ያዢ። አንድ ሰዓት ከወረድሽ ለመውጣት ሁለት።

እኔን ከሰማሽኝ እንዲህ አድርጉ። እሑድ ገና ሲነጋ ጀምሩ። ብራይት ኤንጅል ላይ አንድ ማይል ተኩል ወርዳችሁ የመጀመሪያው ማረፊያ ጋ ስትደርሱ ተመለሱ። ያም ቀላል አይደለም። ወይም በሳውዝ ካይባብ መንገድ ኡ አ ፖይንት የሚሉት ድረስ ሂዱ፤ አንድ ማይል አይሞላም። ስሙ የልጅ ቀልድ ይመስላል፣ ስትደርሺ ግን አንቺም እንደዚያው ነው የምትይው። ሳውዝ ካይባብ ላይ ጠብታ ውኃ የለም። ብራይት ኤንጅል ላይ ቧንቧ አለ፣ ግን መስመሩ አሮጌ ነው፤ ይሰበራል፣ ይዘጋል። የትኛው እንደሚሠራ ጠዋት የፓርኩን ጠባቂዎች፣ ሬንጀሮቹን ጠይቂ። ለማንኛውም ውኃችሁን ከላይ ተሸክማችሁ ውረዱ።

ውኃ ብቻ ደግሞ አይበቃም። በሙቀት እየሄዱ ምንም ሳይበሉ ውኃ ብቻ መጠጣት በሰውነት ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥናል፤ ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ሲብስ ይገድላል። ጨው ያለበት ምግብ እየቀማመሳችሁ ጠጡ። ለዚህ ከእኛ ቤት የተሻለ የት አለ? እናትሽ በሶውን ከአሁኑ እያዘጋጀች ነው፣ ጨው ጠንከር አድርጋ፣ በበርበሬም። ቆሎም አለ። ጓደኞችሽ በሶ የማይወዱ ከሆነ ቺፕሳቸውን ይያዙ፣ ግን ሁለት ማይል ላይ በሶ እንዳይለምኑሽ።

መንገዱ ላይ በቅሎ ትገናኛላችሁ። አዎ፣ በቅሎ። ሰውም እቃም የሚያወርዱት በእነሱ ነው፤ ታች ያለው ፋንተም ራንች የሚባለው ማደሪያ የሚበላው በበቅሎ ጀርባ የወረደውን ነው። ሲመጡ በተራራው በኩል ጥግ ያዙና ቁሙ፣ በገደሉ በኩል አይደለም። የመጨረሻዋ በቅሎ ራቅ እስክትል ድረስ አትነቃነቁ። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝና ስለ በቅሎ አትከራከሪኝ።

ሽኮኮዎቹን እንዳትመግቢ። እጅ ላይ ያለውን ሊወስዱ መጥተው ጣት ይነክሳሉ። ማታ ስትነጂ ደግሞ ኤልክ የሚሉት ትልቅ አጋዘን መንገድ ላይ ይቆማል፤ ቀስ በይ። ፎቶ ስትነሺ ወደ ኋላ አትራመጂ። ብዙው ቦታ አጥር የለውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ስትደርሱ ወደ ገደሉ ሳትወርዱ የምትሄዱበት አንድ ነገር ልንገርሽ። ከያቫፓይ ሙዚየም ወደ መንደሩ የሚሄድ ሜዳ መንገድ አለ፣ ዳር ዳሩን። መሬቱ ላይ ምልክት ተሠርቶበታል፤ አንድ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ነው። ከካንየኑ የተወሰዱ ድንጋዮችም በየዕድሜያቸው ተደርድረዋል፣ መንካት ይፈቀዳል። ከላይኛው ዳር ያለው ነጣ ያለው ድንጋይ 270 ሚሊዮን ዓመቱ ነው። ከታች ወንዙ አጠገብ ያለው ጥቁሩ ከ1.7 ቢሊዮን በላይ። እሱን ንኪው። ከባድና ለስላሳ ነው፣ ውስጡ የሚያብለጨልጭ ነገር አለው። ገደሉን የቆረጠው የኮሎራዶ ወንዝ ግን በዚህ ሒሳብ የትናንት ልጅ ነው፤ ሥራውን ከጀመረ አምስት ስድስት ሚሊዮን ዓመት። መንገዱ ላይ አምስት ስድስት እርምጃ ማለት ነው። እዚያ ጋ ቆመሽ እርምጃውን ቁጠሪና ቀሪውን መንገድ ወደ ፊት እዪ።

ልብስ ደራርቢ። የቬጋስን ሙቀት አይተሽ በቁምጣ እንዳትሄጂ። ጫማው የተለማመድሽው ይሁን፣ አዲስ ጫማ ለዚህ አይገዛም።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናትሽ አብራ መሄድ ትፈልጋለች። አልነገረችሽም፣ አትነግርሽምም። «ልጆቹ በነፃነት ይጫወቱ» ነው የምትለው። ግን የበሶው መጠን ለሦስት ሰው አይመስልም። እኔም ያን ቅዳሜና እሑድ ፈረቃዬን መቀየር እችላለሁ። እኛ ገደል አንወርድም፣ ዳሩ ላይ ሆነን እንጠብቃችኋለን፣ ሌላ ክፍልም እንይዛለን። የእኔ መኪና አምስት ሰው ይይዛል፤ እናንተ ሦስት ናችሁ። ከጓደኞችሽ ጋር ተማክረሽ እስከ ሐሙስ ንገሪኝ፣ ክፍሉ ሳይያዝ።

አባትሽ