ከቁፋሮ በኋላ ቅርሱን ለሚጠብቁ ነዋሪዎች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለቅርስ ተቆርቋሪዎች ሁሉ፤

የአርኪዮሎጂ ሥፍራ ለጉዳት ይበልጥ የሚጋለጠው ብዙውን ጊዜ ቁፋሮው አብቅቶ ተመራማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ለዘመናት አፈር የሸፈነው ግድግዳ አንዴ ከተገለጠ ዝናብ፣ ፀሐይና የዕፅዋት ሥር ይፈራረቁበታል፤ ገንዘቡ ግን በአመዛኙ ለቁፋሮው እንጂ ከዚያ በኋላ ላለው እንክብካቤ አይመደብም።

በታንዛኒያ ላኤቶሊ በተባለ ሥፍራ የሚገኙት የጥንታዊ ሰው መሰል ፍጡራን የእግር ዱካዎች ለዚህ ማሳያ ናቸው። 3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩት ዱካዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ተገኝተው በቀጣዩ ዓመት ለደኅንነታቸው ሲባል በአፈር ተሸፈኑ፤ ይሁንና በአፈሩ ውስጥ የነበረ የግራር ዘር በቅሎ ሥሩ ዱካዎቹን በማስጋቱ፣ በ1990ዎቹ እንደገና ከፍቶ በተሻለ ዘዴ መሸፈን ግድ ሆነ። ችግኝን ገና በለጋነቱ መቁረጥ ከሩቅ የሚመጣ ሊቅ አያሻውም፤ በየጊዜው ዞር ብሎ የሚያይ ሰው ግን ያሻዋል።

የነዋሪው ተሳትፎ የጥበቃው አካል መሆን እንዳለበት ዓለም አቀፉ የሐውልቶችና የቅርስ ሥፍራዎች ምክር ቤት (ኢኮሞስ) እ.ኤ.አ. በ1990 ባጸደቀው ቻርተር አስፍሯል፤ የዓለም ቅርስ ኮሚቴም በ2007 ማኅበረሰብን ከስልታዊ ዓላማዎቹ አንዱ አድርጎታል። በተግባር ግን ተሳትፎ የሚባለው ነዋሪውን ለአንድ ቀን ስብሰባ ጠርቶ ማሰናበት ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሥፍራው ሲታጠር ግጦሹንና መተላለፊያውን የሚያጣው ነዋሪ፣ አጥሩ የት ይለፍ በሚለው ውሳኔ ላይ ድምፅ ሊኖረው ይገባል ብለን እናምናለን።

ስለዚህ የምናሰባስበው ገንዘብ ለአዲስ ቁፋሮ አይውልም። በሥፍራዎቹ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ሠልጥነው በቋሚነት እየተከፈላቸው ከዝናብ በፊት የውሃ መውረጃ ቦዮችን እንዲጠርጉ፣ ስንጥቆችን በየወሩ ከአንድ ቦታ ፎቶግራፍ እያነሡ ለውጡን እንዲያነጻጽሩ፣ ሕገወጥ ቁፋሮ ሲያዩም ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቁ ይውላል። ስንጥቅ መድፈን የባለሙያ ድርሻ ሆኖ ይቀጥላል፤ በቅን ልቦና የተለሰነ ሲሚንቶ እንኳ እርጥበት አግቶ ጥንታዊውን ድንጋይና ኖራ ይጎዳልና።

እንክብካቤው የማይቋረጥ ሥራ በመሆኑ፣ በአንድ ጊዜ ከሚሰጥ ከፍተኛ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የሚዋጣ አነስተኛ መዋጮ ይበልጥ ይጠቅመናል። ገንዘብ ማዋጣት የማይችሉ ወገኖች ካሜራ፣ አካፋና መቁረጫ መቀስ፣ ወይም የማሠልጠኛ ጊዜያቸውን ሊለግሱ ይችላሉ። የገቢና የወጪ ሒሳቡ በየሩብ ዓመቱ በነዋሪዎቹ ጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ለጋሾችም ቅጂው ይደርሳቸዋል።