ጉና ላይ ጀነሬተሩን ለምን እንዳነሳን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። በጥር ወር ጉና ተራራ ላይ ባሉት ጎጆዎቻችን አድራችሁ፣ ተቆጥታችሁ እንደተመለሳችሁ እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁ ባሕር ዳር ቢሮአችን ድረስ መጥታችሁ ነግራችሁናል። «ዋጋ ጨምራችሁ መብራት ትቀንሳላችሁ እንዴ?» ያላችሁት ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ጀነሬተሩ እንደተነሳ፣ ሻወሩ ማታ እንደማይሠራ፣ የእንጨት እሳት እንደቀረ ገና ቀብድ ስትከፍሉ ልንነግራችሁ ይገባ ነበር። አልነገርናችሁም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ።

ውሳኔው ግን ስህተት ነበር ብዬ አላምንም። እባካችሁ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

የቆያችሁት ደንበኞቻችን የምታውቁን ከጀልባው ዘመን ጀምሮ ነው። አባቴ በአንዲት የሞተር ጀልባ እንግዳ ወደ ዘጌ ያመላልስ ነበር፤ ሒሳብ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ጣና ሐይቅ ከዓመት ዓመት ሲደፈርስ ያየሁት ከዚያች ጀልባ ላይ ሆኜ ነው። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ጭቃ ለብሰው ይመጣሉ። ሁለቱም የሚነሱት ከጉና ነው። እላይ አስታው፣ ያ የደጋ ቁጥቋጦ፣ በተመነጠረ ቁጥር አፈሩ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ውስጥ ይተኛል። እኛ ደግሞ፣ በሐይቁ እንጀራ ያደግን ሰዎች፣ እንግዳ ይሙቀው ብለን በየማታው አስታ እናነድ ነበር። ለዓመታት አልታየኝም። ከታየኝ በኋላ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ጀነሬተሩም ቢሆን ለተራራ አልሆነም። ጎጆዎቻችን ያሉት 3,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከአቅሙ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ያንኑ ቤንዚን እየጠጣ ያጨሳል፣ ያጓራል። ቤንዚኑም መኪና ከሚቆምበት በበቅሎ ነበር የሚወጣው። ዋጋውን እናንተም በየማደያው ታውቁታላችሁ።

«ታዲያ በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ አስገቡ» ያላችሁኝ አላችሁ። ሒሳቡን ልንገራችሁ። በጀነሬተሩ ፋንታ የተከልናቸው የፀሐይ ፓነሎች 1,600 ዋት ናቸው። ጥሩ ፀሐይ ለ5 ሰዓት ቢያገኙ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣሉ። አንድ ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ ከማታ እስከ ንጋት 8 ሰዓት ቢበራ 16 ይበላል። አንዲት ጎጆ የሁለት ቀን ፀሐይ በአንድ ሌሊት ጨረሰች ማለት ነው። እኛ ያሉን አምስት ናቸው።

ስለዚህ ገንዘቡን ግድግዳው ላይ አዋልነው። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ሠርተን መሐሉን በገብስ ጭድ ሞላነው። የድንጋዩን ስንጥቅ በጭቃና በጭድ ደፈንን። መስኮቱን ባለ ሁለት መስታወት አድርገን ወደ ደቡብ አዞርነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይዋ ወደዚያ ስለምታዘነብል ቀኑን ሙሉ ቤቱን ታሞቃለች። ጉና ከባሕር ዳር በ11 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ እዚያ የገባ ሙቀት እንዲወጣ አንፈልግም። ለምግቡ እንጨት ቆጣቢውን «ምርጥ ምድጃ» አስገብተናል። እንጨቱም ከጉና አይቆረጥም፤ ገበሬዎች ከጓሯቸው ባሕር ዛፍ ይሸጡልናል።

ሻወሩ በጣሪያው ላይ ባለው በርሜል በፀሐይ ይሞቃል። ማታ የምንዘጋው በስስት አይደለም። ቧንቧው ውስጥ ውሃ ካደረ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ስልካችሁ ጠዋት በጊዜ ያልሞላውም የፀሐዩን ኃይል የሚያጠራቅመው ሊትየም ባትሪያችን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ከተሞላ ስለሚበላሽ ነው። እስኪሞቅ እንጠብቀዋለን።

ዋጋው ለምን ጨመረ? ፓነሉም ባትሪውም ከውጭ ነው የሚመጣው። እነሱን የገዛናቸው ደግሞ፣ ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ከተዳከመ በኋላ ነው። እንግዳ በጠፋባቸው ወራት ማንንም ሠራተኛ አላሰናበትንም። ጀሪካን ይጭኑ የነበሩት ባለ በቅሎዎችም ዛሬ እህልና ቡሉኮ ይጭኑልናል። የጎደለውን ለመሙላት የአባቴን ጀልባ ሸጫለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። «ትርፍ ፈልገው ነው» ስትሉ ስለከፋኝ ነው።

እስከ ፋሲካ ድረስ የያዛችሁ ሰዎች፣ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ቀብዳችሁን ሳንቀንስ እንመልሳለን። ቢሮ ብቅ ማለት ወይም መደወል ይበቃል። የምትመጡ ከሆነ ስልካችሁን ባሕር ዳር ሞልታችሁ ውጡ። ሻወሩን ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ተጠቀሙበት። ማታ አልጋችሁ ውስጥ ሙቅ ውሃ የተሞላ የላስቲክ ከረጢት፣ ከላይም ሁለት ቡሉኮ ታገኛላችሁ። በጥር የተቀየማችሁትም ተመልሳችሁ አንድ ሌሊት ብታድሩልን ደስ ይለናል፤ የዚያን ሌሊት ሒሳብ አንቀበልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
ባሕር ዳር