የድጋፍ ጥሪ፦ ለነጋሽ የዓሹራ እንግዶች ማረፊያ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዘንድሮም ልናስቸግራችሁ ነው። ትግራይ ነጋሽ ላይ፣ ለዓሹራ (ለሙሐረም 10) ወደ አል-ነጃሺ መስጊድ ለሚመጡ እንግዶች የጀመርነው ማረፊያ ጣሪያው እኩሌታ እንደደረሰ አንድ ሌሊት ንፋስ አነሣው። ሚስማሩ አልለቀቀም፤ ቆርቆሮው ሞራሌውን ይዞ ነው የሄደው። መሠረቱና ግድግዳው ግን ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ስለ ሐበሻው ንጉሥ ስለ አል-ነጃሺ ለእናንተ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የመካ ቁረይሾች ስደተኞቹን ሶሃቦች (የነቢዩ ሙሐመድን ባልደረቦች) አምጣ ሲሉት ንጉሡ አልሰጥም አለ። ሲሞትም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶላተል ጋኢብ (በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላት) ሰገዱለት። እንግዳ ባስጠለለው ንጉሥ ደጅ ላይ እንግዳ ሜዳ ሲያድር ዝም ማለት አይከብድም? ባለፈው የዓሹራ ዋዜማ እናቶች ሕፃን አቅፈው ሸራ ሥር አደሩ፤ ንፋሱ ሸራውን ሲያራግበው ልጆቹ እየባነኑ ያለቅሳሉ። ከወሎ የመጡ አንዲት እናት ግድግዳውን አይተው «ቤቱስ አለ፣ ክዳን ነው ያጣችሁት» አሉን።

«በ2013 ዓ.ም. በትግራዩ ጦርነት ለተመቱት ለመስጊዱ ጉልላትና ሚናራ ለምን አላዋላችሁትም?» የምትሉን አላችሁ። ደጋግመን መልሰናል፣ አሁንም እንመልሳለን። መስጊዱና የሶሃቦቹ መቃብር ቅርስ ነው። ከጦርነቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የቱርክ መንግሥት የልማት ድርጅት ቲካ ያደሰውን ሥራ እኛ ሲሚንቶ ልንለጥፍበት ነው? ፈቃድም ባለሙያም ይፈልጋል። የእኛ ድርሻ ማረፊያው መሆኑ ከመጀመሪያውም ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።

በእናንተ ብር መሠረት ወጥቷል፣ ግድግዳ ቆሟል፣ የሴቶች መጸዳጃ ተሠርቷል፣ ለዉዱእ የሚሆን ሮቶ ተተክሏል። ሮቶው ተወደደ ላላችሁ፣ ከመቀሌ በውቅሮ በኩል የተጫነበት ኪራይ ተጨምሮበት ነው፤ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ አለ፣ መጥታችሁ እዩ።

አሁን የጎደለው ቆርቆሮ፣ ሞራሌ፣ ሚስማርና የአናጢ ክፍያ ነው። ገንዘብ የሌለው አንድ ቆርቆሮ ይግዛ፤ አናጢ የሆነ ጉልበቱን ይስጥ። ለአሏህ ብሎ መስጊድ ለሠራ አሏህ በጀነት ቤት እንደሚሠራለት ረሱል ነግረውናል፤ የመስጊዱን እንግዳ ማስጠለልም ከዚያ ኸይር እንደማይርቅ ተስፋ እናደርጋለን። ሙሐረም ሳይገባ መጨረስ አለብን።

ገቢ የሚደረገው በኮሚቴው ወለድ አልባ ሂሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ማኅተም ካለበት አባሪ ወረቀት ላይ አለ። ወጪው ያለ ሦስት ፊርማ አይንቀሳቀስም። በግል ስልክ «በቴሌብር ላኩልኝ» የሚላችሁ ካለ የእኛ ሰው አይደለም። ደግመን እንላለን፦ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሳታዩ አትላኩ፤ ስትልኩም ምክንያቱ ላይ «ነጋሽ ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፣ ባለፈው ያለ ስም የገባ ብር ባለቤቱን ፍለጋ ብዙ አድክሞናል።

ጀዛኩሙሏሁ ኸይረን።

ኮሚቴው